ሰማያዊው ከፋይ

ፍቅርአዲስ እንጅባራ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ደመወዟ ከቤት ኪራይና አዘና ከተማ ላለችው እናቷ ከምትልከው ብዙም አያልፍም፤ የሚተርፋት ክርና መርፌ መግዣ ነው። እሱም ይበቃት ነበር። ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች ብርድ ልብስ መሥራት ትወዳለች። እናቷ «ድሪቶ» ትለዋለች። እሷ ግን መርፌዋን ስትይዝ ብርዱንም ድካሙንም ትረሳለች።

ቁርጥራጩን የሚያጠራቅምላት ይኸነው የሚባል የዳንግላ ልጅ ነው። እትዬ ስሜነሽ ልብስ ስፌት ቤት ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ፌስታሉን ያቀብላታል፤ ጨርቁን በየቀለሙ ተለይቶ፣ ተጣጥፎ ታገኘዋለች። እንዲያጣጥፈው ማንም አላዘዘውም። ዓመት ሙሉ እጃቸው በዚያ ፌስታል ላይ ሲነካካ ሁለቱም ይደነግጣሉ፤ አንድም ቀን ግን ስለዚህ አላወሩም።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ስትመጣ የስፌት መኪናው ተሸፍኗል።

«ይኸነው የለም?»

እትዬ ስሜነሽ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ለካ አንቺ ነሽ! እንድንሰፋው የመጣው የሙሽራ ካባ ከተቆረጠ በኋላ ለቆቡ የሚሆነው ግማሽ ሜትር ከፋይ ጨርቅ የለም። ‹በፌስታል ጨርቅ ለሴት ይሰጣል› ብለው ሰዎች ሲነግሩኝ ‹ለማን ነው?› ብዬ ጠየቅሁት። ስምሽን ሳይናገር መቀሱን አስቀምጦ ወጣ። ያልሰረቀ ሰው ዝም ይላል?»

ሰማያዊው ከፋይ ቤቷ ነው ያለው። ስምንት ወር በለፋችበት ብርድ ልብስ ላይ፣ ባዶ ትታው የቆየችውን መሐሉን ባለፈው ሳምንት በሱ ነበር የሞላችው።

ዝም ብላ ብትሄድ ማንም አያይባትም። እሷ ግን ሮጣ ሄዳ ብርድ ልብሱን ይዛ ተመለሰች። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ውብአየሁም መጥተው ነበር። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ይኸው ከፋዬ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ውብአየሁ።

«አዎ፣ የእርስዎ ነው። ግን መጀመሪያ ይለካ።»

ምላጭ ተቀብላ ስፌቱን ትፈታው ጀመር። ከፋዩ ስላሳሳት አልቆረጠችውም፤ እንደመጣ ነበር የሰፋችው። ዙሪያው ያሉት ጨርቆች አብረው ተላቀቁ፤ የስምንት ወር ሥራዋ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወረደ። ቁራጮቹን ከተቆረጠው ካባ ጎን አንድ በአንድ ስታስቀምጥ እትዬ ስሜነሽ ሳይታወቃቸው እጃቸውን ሰደዱ። ይህ ከአንገቱ፣ ያኛው ከትከሻው የወጣ ትርፍ ነው። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ክፍተት አልቀረም።

ካባውንም ቁራጮቹንም አንድ ላይ ለኩት። አራት ሜትር።

«ስንት ገዝተው ነበር?»

«አራት ተኩል» አሉ ወይዘሮ ውብአየሁ፤ ድምፃቸው ቀንሷል። «ከጫግኒ ነው። ነጋዴው ሲለካ አላየሁትም።»

እትዬ ስሜነሽ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «እኔም ስቀበል አለካሁትም። አዬ፣ ያን ልጅ በደልሁት! ፈልጊልኝ እባክሽ።»

የይኸነው ስልክ ዝግ ነበር። በሚኒባስ ዳንግላ ሄደች፤ ጠያይቃ ወንድሙ ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ሲፈልጥ አገኘችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ብርድ ልብሱን ፈታሽው?»

«ፈታሁት። ስሜን ለምን ደበቅህ?»

«ገበያ መሐል ሌባ እንዲሉሽ አልፈለግሁም።»

«ዝም ስትል ሁለታችንንም ሌባ አደረግኸን!» እንባዋ መጣ። «ስንት ቅዳሜ ዝም አልኸኝ ይኸነው? አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ዓመት አለፈ።»

መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ደመወዜ ትንሽ ከፍ እስኪል ብዬ ነው።»

«ለእናቴ ሽማግሌ ትልካለህ። እኔንስ ማን ይጠይቀኛል?»

የወንድሙ ሚስት ድስት እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ ብላ ቆማ ቀረች። ይኸነው ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«እኔ» አለ። «ታገቢኛለሽ?»

ፍቅርአዲስ እንባዋን አበሰች።

«መናኸሪያ ሸኘኝ» አለችው። «እስክንደርስ ላስብበት።»

ጎን ለጎን ወጡ። አስፋልቱን ሳይሻገሩ እሺ አለችው።