ሁሉን የምታውቀው ኤሊ

ድሬዳዋ ውስጥ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከመምህሯ ጋር ሳይሆን ከኤሊዋ ጋር ነው። ኤሊዋ «ሰሚ» ናት፤ ሰሚ ማለት ከልጆች ጋር እየተጫወተች የሚነግሯትን የምትቀዳና የቋንቋ ዕድገታቸውን የምትለካ መሣሪያ ነች። ጭን ላይ ትተኛለች፣ ሲኮረኩሯት ትስቃለች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም ታቀላጥፈዋለች። የሠሯት ሰዎች አንዱን ቋንቋ ከሌላው እንዳታበላልጥ ብለው ብዙ ተጨንቀውባታል። ልጆቹ ግን ማን ይቀፋት ብለው ይጣላሉ እንጂ አይገረሙባትም።

የአምስት ዓመቱ ኦብሳ ለዚህች ኤሊ አንድም ቃል አልሰጣትም። አቅፏት ይቀመጣል፣ ዓይን ዓይኗን ያያል፣ ዝም። መምህሯ ግቢ ውስጥ ሲንጫጫ እሰማዋለሁ ብትልም የሚታመነው ልኬቱ ነውና ኤሊዋ «ንግግሩ ዘግይቷል» ብላ መዘገበች። የቋንቋ ተመራማሪዋ ዶክተር ኢክራም እናቱን ሰዓዳን ጠርታ፣ ሁለት ቋንቋ ልጁን እያምታታው ስለሆነ ቤት ውስጥ ኦሮምኛውን ትታ በአማርኛ ብቻ እንድታናግረው መከረቻት። ሰዓዳ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ናት፤ አማርኛዋ ከሰላምታና ከሥራ ትእዛዝ አያልፍም። ለልጇ ስትል ግን እሺ አለች።

በሳምንታት ውስጥ ልጁ ይባስ ብሎ ግቢ ውስጥም ዝም አለ። ንግግር ለዘገየባቸው ልጆች ወደተለየው ክፍል ሊዛወር ተወሰነ፤ እዚያ ከገቡት ውስጥ ወደ ጓደኞቹ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ውሳኔው ላይ የፈረመችው ኢክራም ራሷ ብትሆንም ነገሩ አላስተኛ ብሏታል።

ሊዛወር በታሰበበት ዕለት ጠዋት ኤሊዋ ተበላሸች። ልጆቹ ገላዋን ሊያጥቧት ባልዲ ውስጥ ነክረዋት ሁለቱ ቋንቋ ጠፋባትና ሶማልኛው ብቻ ቀረላት። ኢክራም ጠጋኝ እስኪመጣ ልታነሳት ስትሄድ ከመጋረጃው ጀርባ የልጅ ድምፅ ሰማች። ኦብሳ ነው። ኤሊዋን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ጥርት ባለ ሶማልኛ፣ የሆዱን ይነግራታል። ጎረቤቶቻቸው ሶማልኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን ኢክራም ታውቅ ነበር፤ ልጁ ይህን ያህል መልመዱን ግን የነገራት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም።

የድሬ ልጅ ናትና ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ገብቷትም አፈረች። እዚህ ከተማ ልጅ ሰውን የሚያናግረው በዚያ ሰው የቤት ቋንቋ ነው፤ የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ደግሞ አፉን አይከፍትም። እሷም ያደገችው እንዲሁ ነበር። ሁሉን የምታውቀው ኤሊ ቤት አልነበራትም፤ ኦብሳም የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነች እስኪታወቅ በጨዋ ደንብ ሲጠብቃት ኖሯል።

ይህን እያሰበች ሳለ ልጁ የሚለው ነገር ጆሮዋ ገባ።

«እናቴ ታማለች» ይላታል። «ድሮ ብዙ ታወራ ነበር፣ ታስቀኝ ነበር። አሁን ቃል ይጠፋታል። እንዳታፍር ብዬ እኔም ዝም እላለሁ። እሷንም ለኪያት፤ ለሰው ግን እንዳትነግሪብኝ፣ እሷንም ወደ ሌላ ክፍል ይወስዱብኛል።»

ኢክራም እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለምክር ብላ ከአንድ ቤት ጨዋታውን ዘርፋ ነበር። ጠጋኙ ሲመጣ ኤሊዋን እንዲተዋት ነግራ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ኢክራም በር ላይ ተቀብላ፣ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ፣ ልጁ ደኅና እንደሆነ፣ ዝውውሩም እንደቀረ፣ ቤትም እንደ ድሮው በቋንቋዋ እንድታናግረው በኦሮምኛ ነገረቻት። ሰዓዳ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ልጇ ኤሊዋን እንዳቀፈ ብቅ አለ። ቁጣውን ተወችውና ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረችለት፣ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ፀጉሩ ላይ ያለው ጭቃ ከየት እንደመጣ፣ መልሱን ሳትጠብቅ በኦሮምኛዋ ታጣድፈው ጀመር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አፏ ግን አላረፈም።

ኦብሳ አፍጥጦ ሲያያት ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለኤሊዋ በሶማልኛ ሹክ አላት፦

«ድናለች። አሁን ለሰው ብትነግሪም ግድ የለም።»