ሠላሳ ዱላ በዮንግዱንግ ሰሞን

በጆሰን ነገሥታት ዘመን፣ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በዋለው፣ በአገሩ አቆጣጠር የፈረስ በተባለው ዓመት፣ ሁለተኛዋ ጨረቃ በገባች በዘጠነኛው ቀን፣ በጄጁ ደሴት ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኘው በጎምኔ መንደር ባሕሩ ከጥቁሩ ዓለት ጋር ሲላተም አረፈደ። ሰሞኑ የነፋስ እናት የዮንግዱንግ ሰሞን ነበር፤ እሷ ከባሕር ማዶ መጥታ እስክትመለስ ድረስ ባሉት አሥራ አምስት ቀናት ማንም ጠላቂ ውኃ አይገባም፤ የገባ ቢኖር የሚያገኘው ባዶ ቅርፊት ነው፤ እሱንም ይዞ መውጣቱ ያጠራጥራል። ይህን የደሴቲቱ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ከዋናው ምድር የመጣው የግብር ሹም ፓክ ቹንግሶ ብቻ ነበር፤ ወይም ያውቅ ነበርና ግድ አልሰጠውም።

ሹሙ የመጣው ለንጉሡ ማዕድ የሚቀርበውን ጆንቦክ ሊያስጭን ነው። ጆንቦክ በባሕር ወለል ከዓለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ መዳፍ የሚያህል ባለ አንድ ቅርፊት ቀንድ አውጣ ነው፤ የመንደሩ ሴቶች ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠለቁ በብረት መፈልቀቂያ ያነሡታል። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ግብሩ ከዘገየ የሚገረፈው ሹሙ ነው፤ ስለዚህ የራሱን ጀርባ ለማዳን የሰው ጀርባ ፈለገ።

«ጌታዬ፣ ስድስት ቀን ብቻ ይታገሡን» አለች የጠላቂዎቹ አለቃ ኦክጉም፣ አሸዋው ላይ ተንበርክካ። የአርባ አራት ዓመት መበለት ናት፤ ያለቻትም አንዲት የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሱንሜ ብቻ ነበረች። «እሜቴ ዮንግዱንግ ትሂድልንና ቅርጫትዎን ጢም አድርገን እናስረክባለን። ዛሬ ሴት ባስገባ ግን ገዳይዋ እኔ ነኝ።»

«ንጉሥ ነው የሚበልጠው ወይስ ነፋስ?»

«በምድር ንጉሥ ጌታዬ፤ በባሕር ግን ነፋስ።»

ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ሳቃቸው አመለጣቸው። ያ ሳቅ ባያመልጥ ኖሮ ሹሙ ምናልባት ዐሥር ዱላ ይበቃታል ይል ነበር፤ ሠላሳ ፈረደባት።

ኦክጉምን በሳንቃ ላይ በሆዷ አስተኝተው፣ ፊቷን ወደ መንደሩ፣ ጀርባዋን ወደ ሰማይ አድርገው አሰሯት። ዱላውን የያዘው ማንሱ የሚባል የጎረቤት መንደር ወታደር ነበር፤ የገዛ እናቱ ጠላቂ ናት። በሦስተኛው ምት ልብሷ ተቀደደ፤ በአምስተኛው ደሟ ሳንቃውን ይዞ መውረድ ጀመረ። ይኼኔ ሱንሜ ሴቶቹን በክርኗ እየገፋች መጣች።

«ይቁም! ጌታዬ፣ እኔ እገባለሁ፤ እናቴን ይፍቱልኝ!»

«ሱንሜ፣ ጥፊ ከዚህ!» ብላ ጮኸች እናቷ። «እኔ ዱላ አይገድለኝም!»

ሹሙ ፂሙን እየዳበሰ ልጅቷን ተመለከታት። «ብልህ ልጅ ነሽ። ሃያ አምስት ይቀራል፤ አንድ ጆንቦክ አንድ ዱላ ያስቀራል። ባዶ እጅሽን ከወጣሽ ግን ዱላው ይወርዳል።»

«ልጄ፣ አብደሻል?» አለች ጃግኒ የተባለችው ጎረቤታቸው እጇን ይዛ። «ባሕሩን አታዪውም?»

«እትዬ ጃግኒ፣ አንቺስ እናቴን አታይዋትም?»

«ማሰሪያውን አላልተሽ እሰሪ!» አለች ኦክጉም ከሳንቃው ላይ። «ሰማሽኝ? አላልተሽ!»

ጠላቂ መፈልቀቂያዋን በእጅ አንጓዋ ላይ በገመድ ታስራለች። ጆንቦኩ ብረቱን ካነቀው እጇን ከገመዱ መዥረጥ አድርጋ ብረቱን ትታለት ትወጣለች፤ ሕይወቷ የሚንጠለጠለው በዚያ ልል ቋጠሮ ላይ ነው። ሱንሜ ግን ማዕበሉ ብረቱን ቢቀማኝ እናቴ ትገረፋለች ብላ ፈራች፤ ስለዚህ አጥብቃ ቋጠረችው። ማንም አላያትም።

ጠላቂ ከውኃ ስትወጣ የያዘችውን ትንፋሽ የምትለቀው በፉጨት ነው፤ ፉጨቷም እንደ ድምጿ የራሷ ነው። ኦክጉም ባሕሩን ማየት ባትችልም የልጇን ፉጨት ከሃያ ሴት መካከል ትለየዋለች። ፉጨት ሰማች፤ «አንድ!» አለ ወታደሩ፤ ዱላው አልወረደም። ፉጨት ሰማች፤ «ባዶ!» ዱላው ወረደ። እንዲህ እያለ አራት ጊዜ ዳነች፤ ሦስት ጊዜ ተመታች። በስተመጨረሻ ፉጨቱ እያጠረ፣ እየሰለለ ሄዶ ነበር፤ ልጅቷ በቂ አየር ሳትስብ እየተመለሰች መሆኑ ገባት። በስምንተኛው ጊዜ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ፉጨቱ አልመጣም።

«ፍቱኝ» አለች በቀስታ። ቀጥሎም ሳንቃውን እያንቀጠቀጠች ጮኸች፤ «ልጄ አልወጣችም! ሰዎች፣ ልጄ አልወጣችም!»

«የባልቴት ተንኮል ነው፤ ምታ» አለ ሹሙ።

ማንሱ ዱላውን አሸዋው ላይ ጣለና ገመዱን በቢላዋው በጠሰላት።

ኦክጉም ቢላዋውን ከእጁ መንጭቃ በተሰነጠቀ ጀርባዋ ጨው ውኃ ውስጥ ገባች። ሱንሜን ከዓለቱ ሥር ቆማ አገኘቻት፤ ፀጉሯ ወደ ላይ ይዋኛል፤ ቀኝ እጇ በብረቱ፣ ብረቱ በጆንቦኩ ተይዟል። የግራ እጇ ጥፍሮች ቋጠሮውን ሲቧጥጡ ተነቅለዋል። እናት ገመዱን ቆርጣ ልጇን በብብቷ ይዛ ወጣች፤ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስተኝታም ደረቷን ደለቀች፣ አፏ ውስጥ ተነፈሰችባት፣ በጥፊ መታቻት፣ በስሟ ጠራቻት። ሱንሜ ሞታ ነበር።

እንግዲህ ሹሙ በዚያች ሰዓት የተናገረውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። «ጆንቦኩ ሰው አንቆ የሚያስቀር ከሆነ ግዙፍ መሆን አለበት» አለ። «ለንጉሥ የሚገባው እሱ ነው። ማን ያወጣዋል?»

ኦክጉም ከልጇ ሬሳ ላይ ቀና አለች።

«እኔ አወጣዋለሁ። ግን ጌታዬም በታንኳው ይምጡና በዓይንዎ ይዩት፤ አለዚያ ነገ ደበቁት ይሉናል።»

ሰው የማያምን ሰው በገዛ ጥርጣሬው ይያዛል፤ ሹሙ የሐር ቀሚሱን ሰብስቦ ከግንድ በተሠራችው ታንኳ ላይ ወጣ። ጃግኒና ሌላ ሴት ቀዘፉ። ዓለቱ ጋ ሲደርሱ ኦክጉም ውኃ ውስጥ ገብታ ግንዱን በአንድ እጇ ይዛ፣ «ይኸው፣ ጎንበስ ይበሉ» አለችው። ጎንበስ ሲል ቀበቶውን ይዛ ወረደች።

ሰውየው ታገለ፤ ትከሻዋን ነከሳት፤ የተቀደደ ጀርባዋን ቧጠጣት። አንድ ጊዜ አምልጦ ብቅ ብሎ ግንዱን ሲጨብጥ ጃግኒ በመቅዘፊያው ጣቶቹን ቀጠቀጠችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ይሰማ ነበር። ኦክጉም ዳግመኛ ጎትታ አወረደችው። የሱ ትንፋሽ የእልፍኝ ሰው ትንፋሽ ነበር፤ የሷ ግን ሠላሳ ዓመት ባሕር ያሳደገው ነው። አፉ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ያዘችው፤ ካቆመም በኋላ ያዘችው። ከዚያ ሴቶቹ ታንኳዋን ራሳቸው ገለበጧት።

ከደሴቲቱ ገዥ ዘንድ መርማሪዎች መጡ፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ ገረፉ፤ ሁሉም «ነፋስ ገለበጠን» አሉ። በመጨረሻ ማንሱን አሰሩት፤ ዳርቻው ላይ ቆሞ ሁሉን አይቷልና። ጉልበቱ እስኪሰበር ተመታ።

«ነፋስ ነበር ጌቶቼ» አለ። «በዮንግዱንግ ሰሞን ሌላ ምን ይሆናል?»

ሱንሜ የተቀበረችው በሞተች በሦስተኛው ቀን ነበር። ማታውን ጃግኒ የኦክጉምን ጀርባ በሙቅ ውኃ እያጠበች፣ «እህቴ፣ አሁንስ ልብሽ አላረፈም?» ብላ ጠየቀቻት።

«እሱን ይዤ ስወርድ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር» አለች ኦክጉም። «ስወጣ ግን ጆሮዬ መጠበቁን አልተወም። ዛሬም ይጠብቃል። አንድ ሰው ገደልኩ፤ እሷ ግን አልወጣችም።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ተናግራ አታውቅም፤ በሰባተኛው ቀን፣ ዮንግዱንግ ስትሄድ፣ ወደ ባሕር ወረደች፤ ሌላ የምትኖርበት መንገድ አልነበራትም።

በዓመቱ የሹሙ ዘመዶች ከሹመኞች ጋር ተመካክረው ከመንደሩ በር ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙ፤ «ሕዝቡን እንደ ልጆቹ ሲጠብቅ በነፋስ የተሠዋ» የሚል ተቀረጸበት። ድንጋዩን ከተራራው ጎትተው ያመጡት ጠላቂዎቹ ናቸው፤ የፊተኛውን ገመድ የያዘችው ኦክጉም ነበረች።

ታሪክ የሚያስታውሰው ድንጋይ የሚያስቀርጽለት ዘመድ ያለውን ነው። የሱንሜ ስም በየትኛውም ድንጋይ ላይ አልተጻፈም፤ ያቆየው የሴቶቹ አፍ ብቻ ነው፤ እሱም ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ አባቷ ማን እንደነበረ፣ መልኳም ምን ይመስል እንደነበረ ጥሎታል። ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ኦክጉም በሰባ ሁለት ዓመቷ እስክትሞት ድረስ በየማለዳው በዚያ ድንጋይ አጠገብ ታልፍ ነበር።