የአውራ ጣት ኪሎ

«ስንት ይላል?» አለች ፀሐይቱ፣ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች። ጎንበስ ስትል ስለሚያዞራት ቁጥሩን የምታነብላት ልጇ ፍሬሰላም ናት።

ፍሬሰላም የእግሯን አውራ ጣት በእናቷ ቀሚስ ሥር አሾልካ ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ጫን አደረገች። «አርባ ስድስት! እማ፣ ጨምረሻል!»

«ተመስገን በይ» አሉ የሚዛኑ ባለቤት ጋሽ ሃድጉ፣ ኦሎምፒያ አስፋልት ዳር ካርቶን ላይ እንደተቀመጡ። «እንግዲህ ነፋስ ወሰደኝ፣ ያዙኝ እንዳትዪ።»

ፀሐይቱ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ሚዛን ላይ አርባ ሁለት ሲላት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ «አለቅኩ ልጄ» እያለች አለቀሰች። ያን ቀን እህል የሚባል አልቀመሰችም። በተከታዩ ቅዳሜ ፍሬሰላም ጣቷን ጫነች። እናቷም ቤት ገብታ ሽሮዋን ጥርግ አድርጋ በላች። ታዲያ ይሄ ምን ክፋት አለው?

ፀሐይቱ ከሚዛኑ ወርዳ የኪኒኑን ፌስታል ለልጇ አቀበለቻት። «እንኪ፣ ያ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣይልኝ።»

«ምን?»

«ድኛለሁ። ሆዴን ፈጀኝ፣ በቃኝ።»

«ስድስት ወር ነው እኮ የተባልሽው! ካቋረጥሽው በሽታው ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ ኪኒኑም አይሠራም ብለውሻል!»

«እሱ ለታመመ ሰው ነው። ሚዛኑ ምን አለ? ያነበብሽው አንቺ አይደለሽ?»

ፍሬሰላም ፌስታሉን እንደያዘች ገንዳውን አየች። ብትናገር እናቷ እንደዚያ ቀን መሬት ላይ ቁጭ ትላለች፤ ሁለተኛም አታምናትም። ዝም እንዳትል ደግሞ ገንዳው ያውና።

«አንዴ ድገሚው።»

«ለምን? አሁን አይደል የወረድኩት?»

«በቃ ድገሚው፣ እማ።»

«ድገሚው እንጂ፣ እንዲህ ያለ ኪሎ ደጋግሞ ማየት ነው» አሉ ጋሽ ሃድጉ።

ፀሐይቱ እያጉረመረመች ወጣች። እንደ ልማዷ የልጇን ትከሻ ልትደገፍ እጇን ሰደደች፤ ፍሬሰላም ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ነበር።

«ስንት ይላል?»

«አርባ ሁለት።»

ጋሽ ሃድጉ ሚዛናቸውን ሊነኩ እጃቸውን ዘርግተው ተዉት። ፀሐይቱ ወደ ቁጥሩ አላየችም። ያየችው የልጇን እግር፣ ከነጠላ ጫማው ወጣ ያለውን አውራ ጣት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለቀስሽበት ቀን ወዲህ።»

አንድ ሚኒባስ «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ!» እያለ አለፈ። ፀሐይቱ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች ቀረች። ፍሬሰላም ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ትከሻዋን መልሳ አስጠጋችላትና ጠበቀች።