ሰው ገደለ የተባለው ኮቢያ

ናዛሪዮ ቻብሌ በገዛ ጀልባው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ፣ ደረቱ ላይ ኮቢያ የሚባለው ዓሣ፣ የልጅ ቁመት ያለው፣ ተጋድሞበት ተገኘ። ከግራ ጆሮው በላይ የራስ ቅሉ ገብቷል። ጀልባዋን ዓሣ ከሚጠመድበት፣ ድሮ ከሰመጠ መርከብ ዘንድ ጎትተው ወደ ሳን ኢላሪዮ ዳርቻ ያመጧት ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ አበልጁ ሩቲሊዮና ዴልፊኖ። ይሄ ዴልፊኖ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ዛሬም የሰው አፍ አይቶ ነው የሚናገር።

«ዓሣው ነው የገደለው» አለ ሩቲሊዮ።

ሰው አመነ። ኮቢያ ሳይደክም ጀልባ ላይ ከወጣ እግር እንደሚሰብር የማያውቅ በእኛ ዳርቻ የለም። ነገር ግን የጤና ጣቢያው ሰውዬ ቁስሉን አይቶ «ዓሣ ሲመታ ያበልዛል እንጂ እንዲህ ክብ አድርጎ አያስገባም፤ ይሄ የቆመጥ ምት ነው» ሲል፣ ያ ሁሉ ምላስ እንደ ሸራ ዞረ። ትናንት ማታ የናዛሪዮ ታናሽ ወንድም ሌአንድሮ አርባ ሰው እየሰማ «ዛሬ ካልተናገርክ ወንድሜ አይደለህም» ብሎ ጮኾበት ነበር። በዚያ ላይ ጠዋት ብቻውን ባሕር ላይ ውሏል፣ ቆመጡም ላይ ደም አለ። ደም የሌለበት የዓሣ አጥማጅ ቆመጥ የት አገር እንዳለ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ተፉበት። ሹሙ ያዘውና መረብ መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥታ ወደ ከተማው ወህኒ ልትወስደው ነው። እዚያ የገባ ድሃ መቼ እንደሚወጣ ዳኛውም አያውቅ።

እናታቸው ዶኛ ሚካኤላ በአንሶላ በተሸፈነው ልጇና በተቆለፈበት ልጇ መካከል መሬት ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። በአንድ ጠዋት ሁለቱንም ልትነጠቅ ነው።

መርማሪዋ ፕሪሚቲቫ ካዊች ስድስት ሰዓት ላይ ከሻምፖቶን ከተማ ደረሰች። አጭር፣ ደልዳላ፣ ጫማዋ አሸዋ የማይወድ ሴት ናት።

«እሜቴ፣ በከንቱ ደከሙ፤ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ሹሙ።

«ካለቀለት ለምን ጠራኸኝ?»

«ፊርማ ስለሚያስፈልግ ነው።»

«እንግዲያው ዞር በልልኝ፤ የምፈርምበትን ልየው።»

በመጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ሳይሆን ዓሣውን ነው። አፉን በጣቷ ከፈተች። ታችኛው ከንፈሩ ተበስቶ፣ ቀዳዳው ገመድ ሲጎትተው እንደዋለ ሁሉ ተተልትሏል። ቀጥላ ጀልባዋን ዞረች። በባሕሩ በኩል፣ ማንም ባላየበት ጎን፣ አንድ ገመድ ወደ ውኃው ይወርዳል። ሳበችው። ጫፉ ላይ ሌላ ኮቢያ በከንፈሩ ታስሮ፣ ጀልባዋ ስትጎተት ታፍኖ ሞቶ ወጣ። መልሳ ውኃው ውስጥ ለቀቀችው።

«ዛሬ ጠዋት ከባሕር የገባ ዓሣ የት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«በረዶ ላይ፤ የያንዳንዱ ሰው ለየብቻው» አለ ሹሙ።

«ቢላዋ እንዳይነካው። የነካ ካለ አንተን ነው የማስረው።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሩቲሊዮን ነው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን አሻሽቶ አቅልቶ መጣ።

«ኮቢያ እንዴት ነው የሚያዘው?» አለችው።

«እሜቴ ከተማ አድገው አያውቁት ይሆናል።» ሐዘኑን ረስቶ አስተማሪ ሆነ። «ኮቢያ በጸደይ ክንፋሙን ዓሣ፣ ያን ጠፍጣፋ እንደ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ የሚዋኘውን፣ ተከትሎ ነው የሚመጣ። ክንፋሙ አሸዋውን ሲቆፍር ሸርጣን ይወጣል፤ ኮቢያው ከኋላ ከኋላ ይለቅማል። ቡናማ ጥላ ከታየ ሞተር ይጠፋል። መንጠቆው ላይ ነፍስ ያለው ሸርጣን ተሰክቶ ከክንፋሙ ፊት ሁለት ክንድ ያህል አልፎ ይጣላል። መንጠቆው ክንፋሙ ጀርባ ላይ ከወደቀ ሁሉም ይበረግጋሉ።»

«ከተያዘ በኋላስ?»

«ችኩል የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። እስኪደክም ክር ይለቀቅለታል። የመጀመሪያው ግን ወዲያው ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ከንፈሩ ተበስቶ ጎን ላይ ይታሰራል። ጓደኞቹ ጥለውት አይሄዱም፣ ይከቡታል። ጠሪ እንለዋለን። ጠሪው የሚወጣው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው።»

«አንተም ዛሬ እንዲሁ አደረግህ?»

«ምን ማለትዎ ነው? ያለ ጠሪ አጥምጄ አላውቅም፤ አባቴም አያውቅ።»

«ስንት አገኘህ?»

«ሦስት። አበልጄ ግን ነፍሱን ይማረውና ችኩል ነበር፤ ዓሣውን በጉልበቱ አወጣው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓሣው ካልሆነ ደግሞ... እኔ በወንድሙ ላይ ምን አፍ አለኝ?»

ምን አፍ አለኝ እያለ መረብ መጋዘኑን ባገጩ ያሳያታል።

ዴልፊኖ ደግሞ «የሌአንድሮን ሰማያዊ ጀልባ ከናዛሪዮ ጀልባ አጠገብ አየሁ» ብሎ ጀመረ።

«ከየት ሆነህ?»

«ከውጪው ባሕር ስመለስ።»

«በጠዋት ፊትህን ወደ ዳርቻው አዙረህ? ፀሐይዋስ?»

«ፊቴ ላይ ነበረች።»

«ፀሐይ ዓይንህን እየወጋችው ሰማያዊና አረንጓዴ ለየህ?»

ዴልፊኖ ምራቁን ዋጠ። «ያየሁት ጥቁር ሆኖ ነው። ስደርስ ሩቲሊዮ ብቻ ነበር። ቅድም የሄደው ሌአንድሮ ነው ያለኝ እሱ ነው።»

«የሩቲሊዮ ጀልባ ቀለሟ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ።»

«እና በማታውቀው ነገር ሰው ልታሳስር ነው?»

«ሁሉም ሲል ነው እንጂ...»

«ሁሉም ሲል! ሂድ፣ ከፊቴ ጥፋ።»

ሌአንድሮን በመጋዘኑ በር ክፍተት አነጋገረችው። «ምን እንዲናገር ነው የጮህክበት?»

«ክንፋሞቹን በጦር እየወጋ የሚጨርሰውን ሰው ስም። ወንድሜ ደርሶበታል። እሑድ በስብሰባ እናገራለሁ፣ እስከዚያ ራሱ እንዲናዘዝ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ አለኝ። ክንፋም የሚገድል መንደር የሚገድል ነው፣ አንተንም ይገድልሃል አልኩት። ሳቀብኝ።»

በእኛ ዳርቻ ክንፋም የወጋ ሰው ጀልባው ወደ ደረቅ ተስባ ትገለበጣለች፤ ዳግመኛ ባሕር አታይም። ክንፋም ከሌለ ኮቢያ የለም፣ ኮቢያ ከሌለ ጸደይ ባዶ ሆድ ነው።

ዶኛ ሚካኤላ መርማሪዋን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። «የቀረኝን ልትወስጂ ነው የመጣሽው።»

«እናቴ፣ ናዛሪዮ የሰውየውን ስም ነግሮዎት ነበር?»

«አልነገረኝም።»

«ምን አለዎት ታዲያ?»

«የቤታችን ሰው ነው አለኝ። ይህን ለሹሙ ብናገር የቀረኝን ልጄን አንገት በገዛ እጄ ገመድ ውስጥ አስገባሁት ማለት ነው። አልናገርም። ከፈለግሽ እኔንም እሰሪኝ።»

«ቤታችሁ የሚገባው ወንድም ብቻ ነው? የናዛሪዮን ልጅ ክርስትና ያነሳው ማን ነው?»

ዶኛ ሚካኤላ ያን ጊዜ ቀና አለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ፕሪሚቲቫ ሰዉን ሁሉ፣ ዓሣ በሚመዘንበት የሣር ጣሪያ ሥር ሰበሰበች። እናቲቱ አለች፣ የሟች ሚስት ኤቬሊያ አለች፣ ሌአንድሮ እጁ ታስሮ ቆሟል፣ ሩቲሊዮ ከፊት ተቀምጧል። መንደሩም ለመስማት አልሰነፈም። ከንፈሩ የተተለተለው ኮቢያ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

«እናንተ ዓሣ አውቃለሁ ባዮች» አለች፤ «ይህን አፍ ያየ አለ? ይሄ ጠሪ ነው። ጠሪ ስንት ሰዓት ታስሮ ይውላል?»

«ሦስት፣ አራት ሰዓት» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ሲወጣ ጉልበቱ ምን ያህል ነው?»

«እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው።»

«እርጥብ ጨርቅ የሰው ራስ አይሰብርም። ስለዚህ ዓሣው አልገደለም፤ ዓሣው ገደለ እንዲባል የፈለገ ሰው ግን አለ። ናዛሪዮ ቸኩሎ አወጣው ተብያለሁ።» ወደ ናዛሪዮ ጀልባ ወርዳ ገመዱን ሳበችና ሁለተኛውን ዓሣ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «የናዛሪዮ ጠሪ ይኸውላችሁ፤ ከጀልባዋ ሥር እንደታሰረ ነበር። ለአንድ ጀልባ ስንት ጠሪ ያስፈልጋል?»

«አንድ ነው እንጂ» አሉ ብዙዎች ባንድ አፍ።

«እንግዲህ ሬሳው ላይ የተጣለው የሌላ ጀልባ ጠሪ ነው። ከናዛሪዮ ሌላ ጠዋት ወደዚያ የወጡት ሦስት ናቸው። ሹም፣ በረዶውን ክፈት።»

ሹሙ ከፈተ። የሌአንድሮ ዓሣዎች አራት ናቸው፤ አንደኛው ከንፈሩ የተበሳ። የዴልፊኖ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የተበሳ። የሩቲሊዮ ሦስት ናቸው። ፕሪሚቲቫ የሦስቱንም አፍ ተራ በተራ በጣቷ ከፍታ አሳየች። ከመንጠቆው ነጥብ በቀር ምንም የለባቸውም።

«ሩቲሊዮ፣ ያንተ ጠሪ የታለ?»

«ዛሬ... ዛሬ ያለ ጠሪ ነው ያጠመድኩት።»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አባትህን ሳይቀር ምስክር ጠርተህ ነበር።»

«ገመዱን በጥሶ አመለጠ።»

«አመለጠና የሰው ጀልባ ላይ ወጥቶ ሬሳ ላይ ተኛ?»

ሳቅ የሞከረ አንድ ሰው ነበር፤ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው።

«ልንገርህ» አለች። «ጀልባህን ከጀልባው ጎን አስጠጋህ። አበልጁ ነህና እሱም አልሸሸህም። እሑድ ስምህን እንዳይጠራ ለመንከው፤ እሱ ደግሞ ራስህ ተናዘዝ አለህ። በቆመጥ መታኸው። የዴልፊኖ ሞተር ሲሰማህ ዓሣህ ሁሉ ከሣንቃው ሥር በረዶ ላይ ነበር፤ እጅህ የደረሰው በሁለቱ ጀልባ መካከል በታሰረው ጠሪ ላይ ነው። ገመዱን ቆረጥክና ደረቱ ላይ ጣልከው። የናዛሪዮ ጠሪ በወዲያኛው ጎን ስለነበር አላየኸውም። ዴልፊኖ ከሩቅ ያያት ጥቁር ጀልባም ያንተዋ አረንጓዴ ናት። ከጀልባህ ሣንቃ ሥር ደግሞ፣ ከበረዶው በታች፣ ጦርና የክንፋም ጅራት አግኝቻለሁ።»

ሩቲሊዮ ባርኔጣውን አጣጠፈ። «ጀልባዬን ሊገለብጡብኝ ነበር» አለ። «በመንደሩ ፊት። ሰው ሆኜ እንዴት እኖራለሁ? ልጁን ክርስትና ያነሳሁ እኔ፣ ለመንኩት እኮ።»

«እስከ እሑድ ጊዜ ሰጥቶህ ነበር» አለች ኤቬሊያ። «ትናንት ማታ ራት ያበላሁህ እኔ ነኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣችው መኪና ሩቲሊዮን ጭና ሄደች። ሌአንድሮ ተፈታ፤ የፈታው ሹም ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ አጎንብሶ ገመዱን ሲጠቀልል ቆየ።

ሙቀቱ አያስጠብቅምና ሬሳው ያኔውኑ ሊቀበር ሆነ። ሣጥኑ አራት መያዣ አለው። ጠዋት ሲተፉ የነበሩት ባርኔጣ አውልቀው፣ ዴልፊኖን ከፊት አድርገው ቀረቡ።

ዶኛ ሚካኤላ ከመሬት ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አለቻቸው። «ልጄን ወንድም ገዳይ ያላችሁት በዚሁ አፍ አይደል? በእናንተ እጅ አይሸከምም። ዞር በሉ።»

«ዶኛ፣ ሙቀቱ...» አለ ሹሙ።

«አንተ መጋዘንህን ጠብቅ።»

አንዱን መያዣ ሌአንድሮ ያዘ፤ እጁ ከገመዱ የተነሣ ገና አብጧል። ሁለተኛውን ኤቬሊያ ያዘች። ሦስተኛውን እናቲቱ ራሷ ያዘች። አራተኛው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሣጥኑ ወደዚያ ወገን ዘመመ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ፕሪሚቲቫ ካዊች ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ ተወችውና አራተኛውን መያዣ ጨበጠች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት አሮጊቷ።

«በሻምፖቶን ገበያ የዓሣ ሆድ ዕቃ ስትዘረግፍ የኖረች እናት ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው አንሺ።»

አነሡት። መንደሩ መንገዱን ለቀቀ፤ የተከተለ ግን የለም፣ እናቲቱ አልፈቀደችማ።