ከጎማው ሥር የተነሳው ድንጋይ

«ለባለቤትዎ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ» አለ በሩን ገርበብ አድርጎ የከፈተው ወጣት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ሽያጩ ቀርቷል። ቤቱ ሐዘን ላይ ነው።»

«ባል የለኝም» አለች ሴትዮዋ መታወቂያዋን እያወጣች። «መርማሪ ነኝ። በአባትህ ሞት ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

የወጣቱ ፊት ደም መሰለ። «ሌላ ሰው መስለውኝ ነው» ብሎ አስገባት።

መርማሪዋም ብትሆን አንገቷን ቀና አድርጋ አልገባችም። ትናንት የሟች ሴት ልጅ ጣቢያ መጥታ «አባቴን የገደለው መካኒኩ ነው፤ የእጅ ፍሬኑን ፈትቶ ጥሎት ሄደ» ስትላት፣ ነገሩን ሳታጣራ ሰውዬውን ከቤቱ፣ ልጆቹ እያዩ፣ በካቴና አስወስዳው ነበር። እሱ ትንሿ ልጁ እንዳታይ ካቴናውን በጃኬቱ ጫፍ ሸፈነ። ያ ከዓይኗ አልጠፋ ብሏል። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ሟቹ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነበር። ባለ ሁለት ዲፍረንሻል የሆነችውን፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ አሮጌ መኪናውን ሠላሳ ዓመት በገዛ እጁ እያጠበ፣ በገዛ እጁ ግሪስ እየቀባ ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ ሥሯ ገብቶ ሲሠራ፣ መኪናዋ ቁልቁል ተንሸራታ በላዩ ሄደችና ከአጥሩ ጋር ተላትማ ቆመች። አሁንም እዚያው ናት።

መርማሪዋ ጋቢና ገባች። ረጅሙ የማርሽ ዘንግ አንደኛ ላይ ነው፤ ከጎኑ ኃይሉን ለሁለት ወይም ለአራት ጎማ የሚያከፋፍል አንድ አጭር ዘንግ አለ። ሽማግሌው መኪናዋን ባቆመ ቁጥር ኪሎ ሜትሯን የሚጽፍበትን ደብተር ገለጠች። የመጨረሻው ጽሑፍ የሐሙስ ነው። ቆጣሪው ከዚያ በዘጠኝ ይበልጣል።

ወርዳ ግቢውን ዞረች። ከአበባው መደብ ዳር ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱ ተነቅሏል። ድንጋዩን መኪናዋ ቆማበት ከነበረው ቦታ ሁለት እርምጃ ርቆ አገኘችው፤ ላዩ ላይ አምስት ጣት በግሪስ ታትሟል።

«ዓርብ አባታችሁ የት ነበሩ?» አለቻት ከቤት ብቅ ያለችውን የሟችን ሴት ልጅ።

«ሐኪም ዘንድ። በታክሲ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። የፍሬኑ ገመድ እስኪመጣ ከግቢ አላወጣትም አሉ። ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነበር የሚሳሱት።» ልትስቅ ስትል ለቅሶ ቀደማት።

«አንተስ?»

«ቤት ነበርኩ፤ ተኝቼ» አለ ወንድሟ። «መኪናዋን የነካ የለም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። መካኒኩ ያለ ካቴና ከአንድ ፖሊስ ጋር ሲገባ ሴት ልጁ ፊቷን አዞረች።

«ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ፈትተዋል?» አለች መርማሪዋ።

«ሐሙስ ፈትቻለሁ። ገመዱ ተበጥሶ ነበር። አዲሱ እስኪመጣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ያቁሟት አልኳቸው።»

«አሁንም አንደኛ ላይ ናት። እስቲ ግፏት።»

መካኒኩና ፖሊሱ ከአጥሩ ሊያርቋት ገፉ። መኪናዋ እንደ ጋሪ ሄደች። መካኒኩ ደንግጦ በመስኮቱ አጎነበሰ።

«አጭሩ ዘንግ መሃል ላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ ላይ ሲሆን ማርሹ ከጎማው ጋር አይገናኝም። ረጅሙ የትም ቢገባ አይዛትም። እሳቸው እንዲህ ትተዋት አያውቁም።»

«አልተዉአትም» አለች መርማሪዋ። «ዓርብ ሌላ ሰው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነዳት። ሲመለስ ለገዢ አጭሩን ዘንግ እያነቃነቀ አሳየና መሃል ላይ ተወው። ስትንሸራተት የእጅ ፍሬን ስለሌላት መሰለው፤ ከአበባው መደብ ድንጋይ ነቅሎ ከጎማዋ ሥር ታኮ አደረገላት። ቅዳሜ አባታችሁ አንደኛ መግባቷን አይተው ሥሯ ገቡ። የማያውቁት ድንጋይ ትከሻቸውን ሲከለክላቸው በግሪስ እጃቸው ገፉት።» ወደ ወጣቱ ዞረች። «ሽያጩ ቀርቷል አልከኝ። እህትህ ግን መኪናዋ ለሽያጭ መቅረቧንም አልሰማችም።»

እህቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ገዢ ካመጣሁ እሺ ይላሉ ብዬ ነው» አለ ወጣቱ። «ትምህርት ቤት ሲያደርሱኝ እንኳ በእሷ እንዳልታይ ማዕዘኑ ጋ እወርድ ነበር።»

«ስለ ድንጋዩ ለምን አልነገርካቸውም?»

«መንዳቴን ያውቁብኛል።»

«መካኒኩ ሲታሰርስ?»

«አፈርኩ» አለ።

መርማሪዋ ወደ መካኒኩ ቀረበች። «ያሰርኩዎት ልጆችዎ ፊት ነው። ይቅርታም የምጠይቅዎት እነሱ ፊት ነው።»

«አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ» አለ እሱ፣ ሳይቆጣም ሳይስቅም።

ፖሊሱ የመኪናዋንና የድንጋዩን ፎቶ ካነሳ በኋላ መካኒኩ ጋቢና ገብቶ አጭሩን ዘንግ ወደ ቦታው መለሰ። ወርዶም ድንጋዩን ከኋላ ጎማው ሥር አስገባ። ወጣቱ ቃሉን ሊሰጥ ፖሊሱን ተከትሎ ወጣ። መካኒኩና መርማሪዋም በእግራቸው ወደ መካኒኩ ቤት ሄዱ።