የሌላ ሴት ስፌት

ቀናተኛ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። አክስቴ እንደምትለው በልጅነቴ አሻንጉሊቴን ሌላ ልጅ ካቀፈችብኝ ሁለት ቀን እህል አልቀምስም ነበር። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ከጥፋቱ የድርሻዬን አምኛለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔና የአክስቴ ሱቅ ከመጽሐፍ ጠራዡ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ በመሃል ያለው መንገድ መኪና በግድ ያሳልፋል። ከጠራዡ ጋር የተዋወቅነው ወፍራም መርፌው ተሰብሮበት የእኔን ሊዋስ ሲመጣ ነው።

«ነገ እመልሳለሁ» አለኝ።

«ካልመለስክስ?»

«መንገዱ ጠባብ ነው፤ ተሻግረሽ ትይዢኛለሽ።»

አልመለሰም። ተሻግሬ ያዝኩት። ሆን ብሎ እንዳስቀረው የነገረኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው፣ ልንጋባ ከተስማማን በኋላ።

የሰርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል ግን ጠራዡ ሌላ ሰው ሆነ። መጀመሪያ «የቆዩ መዝገቦች ልጠርዝ» ብሎ ሌላ ከተማ ሄደና ሦስት ሳምንት ቆየ። ሲመለስ ጉንጩ ገብቷል። ላቅፈው ስጠጋ በግራ ጎኑ ሸሸት ይላል። የሰርግ ልብሱን ልለካው ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ስሻገር፣ «ትንሽ ይቆይ፣ ልወፍር» አለኝ። ሰርጉንም «ትንሽ ይቆይ» አለ። በየሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ይጠፋል።

«የት ነበርክ?»

«ቆዳ ልገዛ።»

«ቆዳው የታለ?»

«ጥሩ አላገኘሁም።»

ተመልሼ መቀሴን አነሳሁ። አክስቴ ፊቴን አየች። «አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ውስጥ ምን እየፈላ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር፤ ያን ቀን የአንድ ደንበኛ እጅጌ አሳጠርኩ፣ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ጠዋት የጠራዡ እናት ሱሪ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«የኔ ልጅ፣ የዚህን ጫፍ እጠፊልኝ። ከስቶ የለ፣ ወርዶ ወርዶ እየረገጠው ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆም ብለው አዩኝና ሄዱ።

ሱሪውን አወቅሁት። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ግራጫ፣ ባለ ሁለት እጥፍ። ገልብጬ ስዘረጋው እጄ ቀጥ አለ። ወገቡ የእኔ አይደለም። እኔ የሰፋሁት ተፈትቶ፣ ደረቁ ማጠንከሪያ ወጥቶ፣ በለስላሳ ጥጥ ሰፋ ተደርጎ ተተክቷል። በእጅ ነው የተሰፋው። ጥቃቅን፣ እኩል እኩል፣ ክሩ አንድም ቦታ ያልተሳበ። የጠራዡን ስፌት አውቀዋለሁ፤ መጽሐፍ የሚጠርዝ ይመስል ረጃጅም ነው። የእናቱ ዓይን ደግሞ መርፌ ማየት ካቆመ ቆይቷል።

«አክስቴ፣ ነይ እዪልኝ።»

መነጽሯን አድርጋ አየች። ጣቷንም አሳለፈችበት። «ጥሩ እጅ ናት» አለች።

«አክስቴ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ጥሩ እጅ ናት። የለበሰው ሰው እንዳይቆረቁረው ተጠንቅቃ ነው የሰፋችው።»

ያ «ተጠንቅቃ» የሚለው ቃል ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ሰው ለማንም እንዲህ አይጠነቀቅም። በዓይነ ሕሊናዬ ሴትዮዋን አየኋት፤ ሱሪውን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ። ቀናሁ።

ስፌት መፍቻዬን አነሳሁና እያንዳንዷን ስፌት ፈታሁ። ከዚያ ወገቡን በራሴ መንገድ ሰራሁት፤ ደረቅ ማጠንከሪያ፣ ድርብ ስፌት፣ ጠበቅ ያለ። ጫፉንም አጥፌ ለእናቱ ላክሁ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ጠራዡ ሱቁን ሲዘጋ እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። አውቶቡስ ሲገባ ከኋላ ገባሁ። ግራጫውን ሱሪ ለብሷል። ቀስ እያለ ነው የሚራመደው፤ አንድ እጁን ከኮቱ ስር አስገብቶ ወገቡን ይዟል። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ፊት ለፊት ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። በሩ ላይ ጽሑፍ ነበር፤ ዓይኔ ሰው ፍለጋ ላይ ስለነበር አላነበብኩትም።

እዚያው መተላለፊያ ውስጥ ነበረች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ረጅም፣ ዓይነ ትልቅ። አስቀያሚ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነችም። ገና ስታየው ፈገግ ብላ ወንበሩን ጠረገችለት። እሱም ሳቀ። ለእኔ ሲስቅ ካየሁት ወራት አልፈዋል።

ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ አየሁ። ሴትዮዋ ፊቱን አየች፣ ቀጥሎ ወገቡን የያዘውን እጁን። ከዚያ ሳታፍር የኮቱን ጫፍ ገለጥ አድርጋ የሱሪውን ወገብ በጣቶቿ ያዘች።

«ይሄን ማን ፈታው?» አለች ተቆጥታ። «ቁስልህን እኮ ልጦታል!»

«እኔ ነኝ የፈታሁት!» አልኩ።

መተላለፊያው ሙሉ ዞሮ አየኝ። ጠራዡ ተነሳ፤ ሲነሳ ጥርሱን ነከሰ። ያኔ ነው ቁስል የሚለው ቃል ዘግይቶ የገባኝ። ቀና ስል በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ የካንሰር ሕክምና ክትትል ይላል። ግድግዳውን ያዝኩ። ወንበር ያቀረበችልኝ ሴትዮዋ ናት።

«የግራ ኩላሊቴ ነው» አለ ጠራዡ። «ጀርባዬን አሞኝ ብሄድ በአልትራሳውንድ ሳይፈልጉት አገኙት። መዝገብ ልጠርዝ ያልኩሽ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበርኩ።»

«እናትህ ያውቃሉ?»

«አስምያቸዋለሁ።»

«እሷስ?» በአገጬ ሴትዮዋን አመለከትኩ። ካንሰር የሚለውን ቃል ካነበብኩ በኋላም የጠየቅሁት ይህንን ነው፤ እንግዲህ ፍረዱኝ። «ለእሷ ነግረህ ለእኔ የደበቅኸው ምን ብትበልጠኝ ነው?»

«አልነገረኝም» አለች ሴትዮዋ። «የሱሪውን ወገብ ከጎኑ አርቆ ይዞ ሲሄድ አየሁትና ገባኝ፤ በሌላ ቀን አምጣው አልኩት። እኔም እዚያው ጋ ተቆርጫለሁ።» አስተማሪ ናት። መድኃኒቱ በደም ሥሯ እስኪገባ ሰዓት ስለሚፈጅባት የስፌት ቦርሳ ይዛ ትመጣለች፤ ከዚያ ፎቅ ታካሚዎች የግማሹን ወገብ አስተካክላለች። «ሽንቴ ደም ቀላቅሎ አይቼ ነበር። አያምም፣ በማግስቱም ጠራ። ተወኝ ብዬ እኔም ተውኩት። ተመልሶ ሲመጣ ኩላሊቴን ሙሉ አወጡት፤ ግን ሳንባዬ ላይ ደርሶ ነበር። አሁን በየሦስት ሳምንቱ የሰውነቴን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት እወስዳለሁ። እሱ ብቻዬን እንዳልሆን ብሎ ይመጣል። ሲመጣ ስለ አንቺ ያወራል። ስለ መርፌው ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ብነግርሽ!»

ወደ ጠራዡ ዞርኩ። «እስከ መቼ ልትደብቀኝ ነበር?»

«እስከ ዛሬ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተነሳሁት የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ውጤት ዛሬ ነው። ንጹህ ከሆነ ልነግርሽ፣ ካልሆነ ደግሞ ሳትታሰሪብኝ ልለቅሽ ብዬ…»

«ማን ልቀቀኝ አለህ?» አልኩት። «እኔ ሌላ ሴት ወሰደችብኝ ብዬ ሌት ተቀን ስቃጠል፣ አንተ ብቻህን ልትወስንልኝ?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስሙ ሲጠራ እኔም አብሬው ተነሳሁ። ግባ ያለኝ የለም፤ ገባሁ።

ዶክተሯ ምስሉን ስክሪን ላይ አሳየችን። ዕጢው አራት ሴንቲሜትር ነበር አለች። ሴንቲሜትር የእኔ ቋንቋ ነው፤ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ አሰብኩ። ያቺን የምታህል ነገር ሰርጌን አስቀርታብኝ ነበር።

«ከኩላሊቱ ስላልወጣ፣ ዕጢውን ዙሪያውን ካለ ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር ቆርጠን የቀረውን ኩላሊት አተረፍንለት» አለች።

«የቀረው ይበቃዋል?»

«ይበቃዋል። የደም ምርመራውም ያንን ነው የሚያሳየው። ሲጋራ አይጠጋም፣ የደም ግፊቱን ይለካል።»

«ኬሞ የሚባለውስ?»

«ለኩላሊት ካንሰር እምብዛም አይሰራም። የእሱ ሕክምና ቀዶ ሕክምናው ነበር።» ጣቷን ምስሉ ላይ አኖረች። እኔ የጠራዡን እጅ ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። «የተመለሰ ነገር አይታይም። ንጹህ ነው። ይመለስ እንደሆነ ግን መከታተል አለብን። ከስድስት ወር በኋላ ይምጣ፣ ከዚያ እንደ ሁኔታው እያራራቅን ለዓመታት።»

«እንመጣለን» አልኩ። ጠራዡ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ዶክተሯ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ወረቀት መፈለግ ጀመረች።

ስንወጣ ሱሪውን ለመፍታት የቸኮልኩበትን እጄን መቁረጥ አማረኝ። «ይቅርታ» አልኩት። «ያሳመምኩህ እኔ ነኝ።»

«ጠበቅ ሲል ታውቆኛል» አለ እየሳቀ። «የአንቺ እጅ መሆኑን ስፌቱን አይቼ አወቅሁ። አንቺ የሰፋሽውን እንዴት ላውልቅ?»

እናቱን ስወቅሳቸው ደግሞ፣ «በአፌ እንዳልናገር ነው ያስማለኝ፤ ስለ ሱሪው ያለኝ ነገር የለም» አሉኝ።

የሰርግ ልብሱን በሳምንቱ ለካሁት። ጠባሳውን ያኔ አየሁ፤ ከጎድን አጥንቱ ስር ተነስቶ ወደ ሆዱ የወረደ፣ ቀይ። ሜትሬን ሳልጫን አሳለፍኩ። ኮቱን ሰፋሁ፣ ገበሩን ሰፋሁ፣ ሱሪውን ሰፋሁ። ወገቡ ሲቀረኝ ግን መፍቻዬ የበተነው ስፌት ትዝ አለኝ። ሱሪውን ጠቅልዬ ማክሰኞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

አስተማሪዋ ግራ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶላት፣ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ይላል። በአንድ እጅ ጨርቅ አይወጠርም፤ ሌላ ጊዜ በጉልበቷ አጣብቃ ነበር የምትሰፋው። እኔ ወጥሬ ያዝኩላት፣ እሷ ሰፋች።

«አሁንም ትቀኛለሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«እቀናለሁ።»

«ጎሽ። እኔ እንኳ ብሆን ያን የመሰለ ሰው ለብቻው አልተውም» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ክሩን ሳላስበው ሳብኩባት።

ከተጋባን አራት ዓመት አለፈን። መድኃኒቱ ለአስተማሪዋ ከሰርጋችን በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ሰጣት፤ ያለፈው ዓመት አረፈች። ጠራዡ ምስል በሚነሳበት ቀን ሁሉ ያንን የሰርግ ሱሪ ይለብሳል፤ እስካሁን ንጹህ ነው። ጫፉን ሁለቴ ቀይሬለታለሁ፣ ጉልበቱን ደርቤያለሁ፣ ኪሱን አዲስ አድርጌያለሁ።

የወገቡ ስፌት የሌላ ሴት ነው። ሳየው እቀናለሁ፤ አልፈታውም።