አንድ ያልተገኙ አባል

አባ ተቃውሞ በመዝገብ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርግተው ሲገኙ ግራ እግራቸው ላይ ጫማ አልነበረም። ጫማው ቀኝ እጃቸው ውስጥ ነበር፤ አፍንጫውን አጥብቀው ጨብጠውታል። ግንባራቸው ላይ ደም ደርቋል፤ መነጽራቸው መደርደሪያው ሥር ወድቋል።

ያገኛቸው የምክር ቤቱ ጸሐፊ ነው። የማኅተም ቀለም ሊያመጣ ወደ ምድር ቤት ቢወርድ የመዝገብ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ጠበቀው። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ስብሰባው ሊጀመር የቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ጸሐፊው ጮኸ፤ ሰው ሁሉ እየተሯሯጠ ወረደ። ከመጮኹ በፊት ግን ሬሳውን እያየ በልቡ «ስምንት» ብሎ ነበር። ለምን ስምንት እንዳለ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው፤ እሱም ወዲያው ሊረሳው ሞከረ።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። «አባ ተቃውሞ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ምክር ቤቱ ነው፤ እጃቸውን ያወጡ እንደሆነ ለመቃወም ነውና። ያን ቀን የሚቃወሙት ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም። የሰፈሩን የማዋለጃ ክፍል ዘግቶ ሕንፃውን ለአዲስ ፖሊስ ጣቢያ መስጠት፣ ለጣቢያው ማቋቋሚያም የቤት ግብር መጨመር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አባላቱ ዘጠኝ ናቸው። አራቱ ይደግፋሉ፣ አራቱ ይቃወማሉ፣ ዘጠነኛው አባ ተቃውሞ ናቸው።

መርማሪዋ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። አጠር ያለች፣ ኮቷ የሰፋት፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ከሐኪሙ ጋር ትንሽ ከተነጋገረች በኋላ ጸሐፊውን ወደ ሬሳው ጠራችው። ጸሐፊው ተጠጋ።

«ተረከዙን ይዩልኝ» አለችው ጫማውን እያሳየች።

«አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል።»

«በሩስ ምን ቀለም ነው?»

«አረንጓዴ።» ዞር ብሎ አየው። በሩ ከውስጥ በኩል፣ ደረት ከፍታ ላይ፣ ግማሽ ጨረቃ በሚመስሉ ጭረቶች ተልጦ ነበር። የሽማግሌው የእጅ አንጓዎችም አብጠዋል።

«ሰው ጫማውን አውልቆ በር የሚደበድበው መቼ ነው?»

«ሲቆለፍበት» አለ ጸሐፊው።

«ሐኪሙ ልባቸው ነው የቆመው ይላል፤ ሰባት ሰዓት ግድም። ግንባራቸውን የመታቸው ሲወድቁ መደርደሪያው ነው። እና ሰባት ሰዓት ላይ ተቆልፎ የነበረው በር እርስዎ ሲመጡ ክፍት ነበር። ቁልፉ የት ይቀመጣል?»

«ከቢሮዬ በር ጀርባ፣ ምስማር ላይ። የማያውቅ የለም።»

«ይህን ያህል ሲደበድቡ የሰማስ የለም?»

ከመዝገብ ቤቱ በላይ የስብሰባው አዳራሽ ነው። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ከሐሳቡ ደጋፊ አባላት አንዱ የሆነው የግብር ኃላፊ በድምፅ ማጉያ ንግግሩን ሲለማመድ ነበር። ሰውየው ያለ ማጉያም ቢሆን መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ አለው።

መርማሪዋ የጸሐፊውን ቢሮ ለምርመራ ያዘች፤ እሱንም ጥግ ላይ አስቀምጣ ቃል እንዲጽፍ አደረገችው። መጀመሪያ ሰብሳቢው ገቡ። በልጅነታቸው የሟቹ ተማሪ ነበሩ፤ ለስለስ ያሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን እንኳ ቆመው ሰላም የሚሉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደም ለብሷል።

«ዛሬ ስንት አባላት ትጠብቁ ነበር?»

«ዘጠኝ ነዋ! ወንበራቸውን ያስተካከልኩት ራሴ ነኝ። ያለ እሳቸው እንዴት ተደርጎ ይጀመራል?» አሉና በመሐረብ ፊታቸውን ሸፈኑ።

የጸሐፊው እስክሪብቶ «ዘጠኝ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀጥሎም ጻፈው።

የግብር ኃላፊው ገና ሳይቀመጥ ነው የጀመረው። «የማዋለጃዋን ነርስ ያዟት! ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮሪደር ውስጥ ስትጮህባቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ዛሬ ከቀሩ፣ ለሚሞቱት ሁሉ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት› ነው ያለቻቸው። ደግሞ ይህ ጣቢያ ለማን ይመስልሻል? ለእናንተው እኮ ነው! ልትረጅን ሲገባ…»

«ጣቢያ ብናገኝ ደስ ይለናል» አለች መርማሪዋ። «ግን በዚህ ዋጋ አልገዛም። በማጉያው የተለማመዱት ለምን ነው?»

«ሰብሳቢው ‹አዳራሹ ይሞላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ሞክረው› ብለውኝ ነው።»

«ሌላ የሰሙት ድምፅ የለም?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ አለ። «የለም» አለ ወለሉን እያየ።

ነርሷ ከነነጭ ጋወኗ ገባች። ከማዋለጃው ተጠርታ ነው የመጣችው። የጸሐፊውን ሁለት ልጆች ያዋለደች እሷ ናት፤ ሁለተኛዋ እትብት አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ስትወለድ ሌሊቱን ሙሉ ወገቧን ሳታሳርፍ ነው ያተረፈቻት።

«ጮኸሽባቸዋል?»

«ጮኼባቸዋለሁ፣ አልዋሽም። ‹ዛሬ አይገኙም› ሲባል ሰምቼ ነው። እሳቸው ግን ሳቁብኝ። ‹ወዴት እቀራለሁ ልጄ? የማዋለጃው መሬት የተሰጠበት ደብዳቤ ምድር ቤት አለ ተብዬ እሱን ልፈልግ እየወረድኩ ነው› አሉኝ። በደስታ አቅፌያቸው ሄድኩ።»

«ደብዳቤው አለ ያላቸው ማን ነው?»

«አልነገሩኝም።»

«አይገኙም ብሎ ለአንቺ የነገረሽስ?»

ነርሷ ጸሐፊው ወደተቀመጠበት ጥግ አልተመለከተችም። «እሱን አልናገርም» አለች። «ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው።»

«እህቴ፣ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቂ ተሰምተሻል። ካልተናገርሽ ይዤሽ መሄዴ ነው።»

«ይውሰዱኝ።»

ጸሐፊው «ይውሰዱኝ» ብሎ ጻፈ። እጁ ይህን ቃል መጻፉን እያየ አፉ አልተከፈተም። አምስት ሰዓት ላይ በማዋለጃው አጥር በኩል ጠርቶ «ሽማግሌው ዛሬ አይገኙም፣ ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ» ያላት እሱ ነው። ያኔ ውለታ የመለሰ መስሎት ነበር። አሁን እሷ በእሱ ምክንያት እስር ቤት ልትገባ ነው፤ እሱ ደግሞ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ይመዘግባል። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር ማለትም አይቻልም። ያውቅ ነበር።

መርማሪዋ ነርሷን ውጭ እንድትጠብቅ አድርጋ ያለፉትን ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ አስመጣች። የባለፈውን ወር አወጣችና ቀስ ብላ አነበበች። ከዚያ በሩን ከፍታ «ሲስተር፣ ባለፈው ስብሰባ መጥተሽ ነበር?» ስትል ተሰማ። የነርሷን መልስ ጸሐፊው አልሰማውም፤ መስማትም አላስፈለገውም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም አዳራሽ ገቡ። ስምንቱ አባላት በየወንበራቸው፣ ነርሷ ከአንድ ፖሊስ አጠገብ፣ ጸሐፊው በትንሿ ጠረጴዛው። መርማሪዋ ቆማ ጀመረች።

«ሽማግሌውን ማንም በቦክስ አልመታቸውም፤ በዱላም አልመታቸውም። ‹የሚፈልጉት ደብዳቤ ምድር ቤት አለ› ተባሉ፤ ሲገቡ ከውጭ ተቆለፈባቸው። ጫማቸውን አውልቀው በር እየደበደቡ ልባቸው ቆመ። የቆለፈው ሰው ተመልሶ መጥቶ ከፈተ፤ ሞተው ሲያገኛቸው ትቷቸው ወጣ። መግደል የፈለገ ሰው ከውጭ ቆልፎ አይሄድም። የተፈለገው ከስብሰባው እንዲቀሩ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ነርሷ…» አለ የግብር ኃላፊው።

«ነርሷ እንዲገኙላት ነው የለመነችው። እንዲቀሩ የሚፈልግ ሌላ ሰው ነው። እንደሚቀሩ ደግሞ እሳቸው ሳያውቁ ያወቀ ሰው አለ፤ ነግሯታልና። ይህን አስቀድሞ ማን ሊያውቅ ይችላል ብዬ ተቸገርኩ። መልሱን ያገኘሁት ከፋይሉ ነው።» የባለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ አነሳች። «ሲስተር ባለፈው ወር እዚህ ቆማ ግማሽ ሰዓት ተናግራለች፣ ለምናለች፣ አልቅሳለች። እዚህ ላይ ግን ‹ነዋሪዎች ሐሳቡን ደግፈዋል› ነው የሚለው። ስሟ እንኳ የለም። እንዲህ የሚጻፈው ጸሐፊው ደንቆሮ ሲሆን ነው፤ አለበለዚያ ደግሞ ስብሰባው ከመካሄዱ በፊት ሲጻፍ ነው። እኚህ ሰው ጆሯቸው ጤነኛ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት የሁሉም ገመና የነበረ ነገር ነው፤ ውሳኔው ጠዋት ይጻፋል፣ ሰው ከሰዓት ይከራከራል፣ ሻይ ሲመጣ ሳያነብ ይፈርማል። ሁሉም ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ ሲነገር ግን የሰሙት ያን ቀን ነው።

«የዛሬው የት አለ?» አለች መርማሪዋ።

ማንም አላስገደደውም። ጸሐፊው ተነሳ፣ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተ፣ ከደረሰኞች ሥር የሸሸገውን ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ፊቱ ፍም መስሏል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታውን አይችለውም ነበር።

እሷም አነበበች፦ «‹ስምንት አባላት የተገኙ ሲሆን አንድ አባል ያለ ፈቃድ ቀርተዋል። በሰፊው ከተወያዩ በኋላ ድምፁ አራት ለአራት እኩል በመሆኑ ሰብሳቢው የደገፉት ሐሳብ ጸድቋል።› አምስት ፊርማ አለበት።» ወደ ግብር ኃላፊው ዞረች። «ይህ የእርስዎ ነው?»

«ነው።»

«መቼ ፈረሙ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ… ሳልፍ።»

«አላነበቡትም?»

«እኛ አናነብም» አለ ሰውየው፤ ይህን ሲል ያ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ሳይጠየቅም ቀጠለ። «መደብደቡንም ሰምቼ ነበር። አናጢ መስሎኝ… ድምፄን ከፍ አደረግኩ።»

«ጸሐፊ፣ መቼ ነው የተጻፈው?»

«አራት ሰዓት ላይ።»

«ሽማግሌው ሳይቆለፍባቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ማለት ነው። ‹ስምንት› ብለው ይጻፉ ያለዎት ማን ነው?»

ጸሐፊው ከሸሚዙ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ረቂቁ ነው፤ በለስላሳ፣ በተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ። ለመርማሪዋ ሲሰጥ ሰብሳቢውን አላየም። ሰው ሁሉ ግን አየ።

«እ… ታምሜያለሁ ብለው ጠዋት ደውለውልኝ ነበር» አሉ ሰብሳቢው።

«ለእኔ ዘጠኝ ነው የምንጠብቀው፣ ወንበራቸውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ ብለውኛል። ማጉያውንም ለአንድ ሰዓት ያስከፈቱት እርስዎ ነዎት።»

ከዚህ ወዲያ ተራኪም አንቱ ለማለት ምላሱ አይታዘዝለትም። ሰብሳቢው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ለሁለት ሰዓት ብቻ ነበር» አለ። «ድምፅ እስኪሰጥ። ይጸድቃል ብዬ ለበላይ ቃል ገብቼ… በኋላ ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር፤ ያውቁኛል፣ ይምሩኝ ነበር። ማጉያው ሲዘጋ ጸጥ ብለው ነበር። ጸጥታው አስፈራኝና ወረድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከፍቼ… ወጣሁ።»

«ይህችን ሴት ሲወነጅሏትም ዝም አልክ።»

ፖሊሱ ነርሷን ትቶ ወደ እሱ ሄደ።

ነርሷ ልትወጣ ስትል ጸሐፊው መንገዷ ላይ ቆመ። «ሲስተር፣ ሳላስብ ነው የጻፍኩት ልልሽ ነበር» አላት። «ውሸት ነው። ገብቶኝ ነበር። ባይገባኝ አንቺ ዘንድ አልመጣም ነበር።»

«ለእኔ ከምትነግረኝ ለእሳቸው ብትደውል ምን ነበረበት?»

መልሱን አልጠበቀችም፤ ምጥ የያዛት ሴት ትታ ነው የመጣችው።

ኮሪደሩ ላይ የሟቹ ባለቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። መርማሪዋ አስጠርታቸው ነው። ሰዎች ሲወጡ አንድ ሁለት ቃል ሰምተዋል። ጸሐፊውን ሲያዩ ተነሱ።

«ልጄ፣ ቀረ ተብሎ ተጽፎበታል ይላሉ። ይፋቅልኝ። ሃያ ዓመት ሲያስተምር፣ እዚህም ሲመላለስ፣ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ማን ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?»

በዚያ ሰዓት መርማሪ አልነበረም፤ ያስገደደው የለም። «እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ።

«መቼ?»

«ጠዋት… አራት ሰዓት ላይ።»

ሴትየዋ ሰዓቱን ለማስታወስ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያልገባቸው ነገር ነው የነበረው።

«አራት ሰዓት ላይ እኮ ቤት ነበር» አሉት። «ስብሰባ አለብኝ ብሎኝ ሸሚዙን እየተኮስኩለት ነበር።»